ዳይሬክተሯ ለቀቀች፤ ነገሩ የተበላሸው ግን መቼ ነው?

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ኮሪን ቡሽ ባዮዌር ከተባለው የጌም ስቱዲዮ መልቀቋ ሲሰማ የጌም አፍቃሪው ለሁለት ለመከፈል ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። አንዱ ወገን «ድራጎን ኤጅ» የተባለውን ተከታታይ ጌም የገደለችው ሄደችልን ብሎ እልል አለ። ሌላው ከእንግዲህ ስቱዲዮው አበቃለት ብሎ እርሙን አወጣ። ቡሽ የመራችው «ድራጎን ኤጅ፦ ዘ ቬይልጋርድ» ከወጣ ገና ሦስት ወር አልሞላውም ነበር። እሷ የሄድኩት በራሴ ፈቃድ ነው አለች። ጥቂት ቀን ቆይቶ የስቱዲዮው ባለቤት ኤሌክትሮኒክ አርትስ ጌሙን የተጫወተው ሰው 1.5 ሚሊዮን ገደማ መሆኑን፣ ይህም ከጠበቀው በግማሽ ያህል ማነሱን ተናገረ። ሁለቱ ወሬዎች ተከታትለው ስለመጡ ሁሉም አንዱን የሌላው ምክንያት አድርጎ አነበባቸው።

እኔ ሁለቱም ወገኖች የሚያዩት የተሳሳተ ሰዓት ነው ባይ ነኝ። አርፒጂ የምንለው፣ ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ሕይወት ተረክቦ በራሱ ምርጫ ታሪኩን የሚመራበት ጌም፣ ለመሠራት አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንዴም አሥር ዓመት ይፈጃል። የፈጠራ መሪው የለቀቀበት ቀንና መልቀቁ ስክሪን ላይ የሚታይበት ቀን በዓመታት ይራራቃሉ። ጉዳቱ ዓይን ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሄደውን ሰው ስም የሚያስታውስ የለም፤ ጩኸቱ ሁሉ የሚያርፈው በዚያ ሰሞን በር ላይ በተገኘው ሰው ላይ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

«ድራጎን ኤጅ»ን ወደኋላ እንቁጠረው። ከ«ቬይልጋርድ» በፊት የነበረው «ኢንኩዊዚሽን» የወጣው በ2014 ነው። ቴዳስ የተባለውን ዓለም ከመነሻው የቀረጸው ደራሲ ዴቪድ ጌይደር በ2016 መጀመሪያ ላይ ስቱዲዮውን ለቀቀ። ቀጣዩ ጌም በማይክ ሌይድሎ መሪነት «ጆፕሊን» በሚል የምስጢር ስም ተጀምሮ ነበር፤ በ2017 ተሰረዘ፣ ሌይድሎም በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ሄደ። ከዚያ ብዙ ሰው በኢንተርኔት አብሮ የሚጫወተው፣ ገቢውም የማይቋረጥ ጌም ይሁን ተብሎ እንደ አዲስ ተጀመረ። በዲሴምበር 2020 ዋና ፕሮዲውሰሩ ማርክ ዳራና የስቱዲዮው ሥራ አስኪያጅ ኬሲ ሃድሰን መልቀቃቸው በአንድ ቀን ተነገረ። (ሃድሰን በ2014 ለቆ በ2017 የተመለሰ ሰው ነው፤ ባዮዌር ውስጥ ስንብትም እንደ ጌሞቹ ክፍል ሁለት አለው።) ጌሙም ዞሮ ዞሮ ለአንድ ተጫዋች ይሁን ተባለ። በኖቬምበር 2021 የፈጠራ ዳይሬክተሩ ማት ጎልድማን ወጣ። ቡሽ የዳይሬክተርነቱን ወንበር የያዘችው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ በ2022 ነው። በኦገስት 2023 ደግሞ 50 ያህል ሠራተኞች ተቀነሱ፤ ከእነሱ አንዷ ከ2009ኙ የመጀመሪያ ጌም ጀምሮ ስትጽፍ የኖረችው፣ ቫሪክ የተባለውን ወሬኛና ተወዳጅ ገጸ ባሕርይ የጻፈችው ሜሪ ከርቢ ነበረች።

ስለዚህ ቡሽ የተረከበችው መሠረቱ ለአንድ ዓይነት ቤት የተጣለ፣ ግድግዳው ለሌላ ዓይነት ቤት የቆመ ግንባታ ነው። ጣሪያው ሲያፈስ በመጨረሻ ቁልፉን ባስረከበው ሰው ማሳበብ ደግሞ ምንጊዜም ቀላል ነው።

ይህን የምለው ጌሙን ለመከላከል አይደለም። ተጫውቼ ጨርሼዋለሁ። ውጊያው ያምራል፤ ሰዎቹ ሲነጋገሩ ግን ሁሉም ገና ከስብሰባ የወጡ ይመስላሉ። የባሰው ግን ታሪኩ ሳይጀመር ነው የገጠመኝ። ገጸ ባሕርዬን ስፈጥር ባለፈው ጌም ምን እንደወሰንኩ የሚጠይቅ ገጽ መጣ። ባለፉት ሦስት ጌሞች ማንን እንዳነገሥኩ፣ ማንን እንደገደልኩ፣ የትኛውን ወገን እንዳዳንኩ የሚመዘግቡ ምርጫዎች በመቶዎች ይቆጠራሉ። እዚህ የተጠየቅኩት ሦስት ብቻ ነው፤ የ«ኢንኩዊዚሽን» ጀግናዬ ማንን እንዳፈቀረ፣ የሚመራውን ድርጅት በትኖት እንደሆነ፣ ሶላስ የተባለውን ገጸ ባሕርይ በተመለከተ ምን ብሎ እንደማለ። ቀጣዩ ገጽ የት አለ ብዬ ወደታች ጎተትኩ፣ ወደኋላ ተመለስኩ። የለም፤ አለቀ።

የበጀት ጉዳይ ነው የሚል ይኖራል፤ እውነትም በጀቱ አለበት። ግን አንድን ያለፈ ምርጫ መልሶ ወደ ታሪክ ማምጣት ገንዘብ ብቻ አይፈልግም። ያ ምርጫ ያኔ ለምን እንዲያ እንደተጻፈ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። የፈጠራ መሪ ሲሄድ ሰው የሚያዝነው ለሐሳቡ ነው፤ ሐሳብ ግን ስቱዲዮ ውስጥ እጥረት ያለበት ዕቃ አይደለም። መሪው ይዞት የሚወጣው «ይሄ አይሆንም» የማለት ሥልጣኑንና ለምን እንደማይሆን የሚያስታውስ ጭንቅላቱን ነው። አንዲት ጠንቋይ በመጀመሪያው ጌም ላይ ይቅርታ አልጠየቀችም እንበል። የስቱዲዮው ሰነድ «አልጠየቀችም» ይላል፤ ይቅርታ የምትጠይቅበት ትዕይንት ተጽፎ ደራሲው በእልህ የቀደደው ለምን እንደሆነ ግን አይናገርም። ደራሲው ሄዶ የተተካው ሰው ሰነዱን በደንብ አንብቦ በሦስተኛው ጌም ይቅርታ ያስጠይቃታል። ምንም አላጠፋም፣ ሰነዱን አልጣሰም። የዱሮው ተጫዋች ግን ይህቺ ሌላ ሴት ናት ይላል፤ ምን እንደተለወጠባት ጠይቁት ቢባል መልስ የለውም።

መልቀቅ ሁሉ ኪሳራ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። ቲም ኬይን፣ ሊዮናርድ ቦያርስኪና ጄሰን አንደርሰን «ፎልአውት»ን በ1997 ካወጡ ከጥቂት ወራት በኋላ ጌሙን ከሠሩበት ኩባንያ ከኢንተርፕሌይ ወጡ። «ፎልአውት 2» ያለ እነሱ በ1998 ወጣ፤ እስከ ዛሬም ከመጀመሪያው አስበልጦ የሚወደው ሰው ሞልቷል። በዚያ ዓመት ላይ ቆሞ ለፈረደ ሰው የሦስቱ መሄድ ያጎደለው ነገር የለም። እነሱ ደግሞ ትሮይካ የሚባል ስቱዲዮ አቋቁመው ሦስት ጌም ሠሩ፤ የመጨረሻው፣ የቫምፓየሮቹ «ብለድላይንስ»፣ በ2004 ስሕተቱ ሳይለቀም ወጣና ስቱዲዮው በ2005 ተዘጋ። ያን ጌም አድናቂዎቹ ከዚያ ወዲህ ለሃያ ዓመት ያህል ሲጠግኑት ኖረዋል። ነጻ የወጣ ሰው ራእዩን ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ ስሕተት ለቃሚዎቹንና ገንዘብ ያዡን ይዞ የሚወጣ ግን እምብዛም የለም። የ«ፋይናል ፋንታሲ» አባት ሂሮኖቡ ሳካጉቺም በ2003 ከጌም ኩባንያው ከስኩዌር ሲለይ ስሙ እዚያው ቀርቷል፤ በአዲሱ ስቱዲዮው ጌሞች ላይ አብሮት የተገኘው የሙዚቃ ደራሲው ኖቡዎ ኡዬማትሱ ነው።

ስሙ ለማን ይቀራል የሚለው ጥያቄ እንደ «ዲስኮ ኤሊሲየም» ያመረረበት ቦታ ግን አላውቅም። ጌሙ የሚጀምረው በጨለማ ውስጥ በሚያጉረመርም ድምፅ ነው። አንድ ጠጥቶ ራሱን የሳተ መርማሪ ፖሊስ ሆቴል ክፍል ውስጥ ይነቃል፤ ስሙን እንኳ አያስታውስም። ክራቫቱ ጣሪያ ላይ ከሚዞረው ማራገቢያ ጋር ይሽከረከራል። ላውርደው ብለህ እጅህን ትዘረጋለህ። የፈጠርከው ሰው አቅመ ደካማ ከሆነ ልቡ ቀጥ ይልና ጌሙ ያልቃል፤ ገና ከክፍሉ ሳትወጣ፣ በክራቫት ምክንያት። መጀመሪያ ሲደርስብኝ ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ቀጥሎ የመጣልኝ ሐሳብ፣ ይህን በስብሰባ ላይ ተጫዋች ያባርራል፣ ይውጣ ያለ ሰው ሳይኖር አይቀርም፣ አይወጣም ያለ ሰው ግን የግድ ነበረ የሚል ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቃላት ባሉት ጽሑፍ ውስጥ የመርማሪው 24 ችሎታዎች ጭንቅላቱ ውስጥ እርስ በርስ ይጨቃጨቃሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ አልፎ አልፎም ይዋሹታል። ይህ በኮሚቴ የሚጻፍ ነገር አይደለም።

ያ ዓለም ከስቱዲዮው በፊት ነበረ። ኢስቶኒያ ውስጥ እነ ሮበርት ኩርቪትዝ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ዳይ እየጣሉ ለዓመታት ሲጫወቱበት የኖሩት ነው፤ ኩርቪትዝ በ2013 ልብ ወለድም ጽፎበታል። ጌሙ በ2019 ወጥቶ ሽልማት በሽልማት ሆነ። በ2021 መጨረሻ ላይ ኩርቪትዝ፣ ደራሲዋ ሄለን ሂንድፔሬና የሥነ ጥበብ ዳይሬክተሩ አሌክሳንደር ሮስቶቭ ዛኡም ከተባለው ስቱዲዮ ወጡ። ይህ ግን ለሕዝብ የተሰማው ዓመት ሊሞላው ሲል በኦክቶበር 2022 ነው፤ ከቀድሞዎቹ አባላት አንዱ የሆነው ማርቲን ሉይጋ የወጡት ሳይወዱ ነው ብሎ ጻፈ። ኩባንያው በበኩሉ ጥፋቱን በእነሱ ላይ አደረገ፣ ነገሩም በሕግ ወደመካሰስ ሄደ። ማን ልክ እንደሆነ መፍረድ የኔ ድርሻ አይደለም። የሚታየው ነገር ዓለሙ ከነስሙ ኩባንያው እጅ መቅረቱ ነው። በ2024 መጀመሪያ ዛኡም አንድ ጌም ሰርዞ ሩብ ያህል ሠራተኛውን ለመቀነስ ተነሣ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር፣ ጌሙ አምስት ዓመት በሚሞላበት ሰሞን፣ የ«ዲስኮ ኤሊሲየም»ን መንፈስ እናስቀጥላለን የሚሉ ሦስት አዲስ ስቱዲዮዎች በቀናት ልዩነት ብቅ አሉ። ኩርቪትዝና ሮስቶቭ ያቋቋሙትንና ራሱን ዛኡምን ስንጨምር አንድ ሟች አምስት ወራሽ ማለት ነው። አንዳቸውም ጥሩ ጌም አይሠሩም አልልም። ግን ያ ጠረጴዛ ተበትኗል፤ የተከፋፈሉት ወንበሮቹን ነው።

በዚህ ሁሉ መሀል ተገልብጦ የተከናወነ አንድ መለያየት አለ። «ባልዱርስ ጌት» በ1998 እና በ2000 የባዮዌር ሥራ ነበረ። ሦስተኛውን በ2023 የሠራው የቤልጅየሙ ላሪያን ነው፤ መሥራቹ ስቬን ቪንክ አሁንም ዋና ባለቤቱም ዳይሬክተሩም ነው። የጌሙ ዓለም ግን የዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት ኩባንያ፣ ከእሱ በላይም የባለቤቱ የመጫወቻ አምራቹ የሃዝብሮ ንብረት ነው። ጌሙ የዓመቱን ዋና ዋና ሽልማቶች ጠራርጎ በወሰደበት በዲሴምበር 2023 ሃዝብሮ 1,100 ያህል ሠራተኞችን ሊቀንስ መሆኑን አስታወቀ። ቪንክ ያኔ እንደተናገረው ስለ ጌሙ ለመነጋገር መጀመሪያ በተቀመጡበት ክፍል ውስጥ ከነበሩት የዊዛርድስ ሰዎች የቀረ የለም ማለት ይቻላል።

ሦስት ወር ቆይቶ በማርች 2024 ቪንክ ላሪያን አራተኛውን «ባልዱርስ ጌት» እንደማይሠራ፣ ለሦስተኛውም ማስፋፊያ እንደማያወጣ ተናገረ። ያንን ያህል የተሸጠ ስም እጃቸው ላይ እያለ ማለት ነው። እዚህ ላይ መልቀቂያ ያስገባ ዳይሬክተር የለም፤ ስቱዲዮው እንዳለ ከነደራሲዎቹ ተነሥቶ ዓለሙን ለባለቤቱ ትቶለት ሄደ። አሁን የሚሠሩት «ዲቪኒቲ»ን ነው፤ ከ2002 ጀምሮ የራሳቸው የሆነውን ዓለም።