ማስተካከያ፦ የባሩድ ቀንድ ዕድሜ በተቀረጸበት ዓመት ብቻ አይታወቅም

ስለ አሜሪካ ጥንታዊ የባሩድ ቀንዶች (የጠመንጃ ባሩድ መያዣ የነበሩ የከብት ቀንዶች) ባወጣነው ጽሑፍ «ቀንዱ ላይ የተቀረጸው ዓመት የተሠራበት ዓመት ነው» ብለን ነበር። እንዲህ ይስተካከል፦ ዓመቱ ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም።

ቀንዱ የምር አሮጌ ሆኖ የተቀረጸበት ጽሑፍ የትናንት ሊሆን ይችላል። ባዶው ቀንድ ብዙ አያወጣም፤ የአሜሪካ ነጻነት የታወጀበት ዓመት «1776» ሲቀረጽበት ግን ዋጋው ይሰቀላል። አጭበርባሪ ይህን መች ያጣዋል!

ስለዚህ በማጉያ መነጽር ጭረቱን ይዩ። ድሮ የተቀረጸ ጭረት ጠርዙ በእጅና በልብስ ታሽቶ ለስልሷል፤ በተለይ ሰውነት ላይ በሚያርፈው በኩል። የአዲሱ ስል ነው። መስመሩ አሮጌ ስንጥቅ ውስጥ ዘልቆ ከገባ፣ የተቀረጸው ቀንዱ ከተሰነጠቀ በኋላ ነው።

የቦታ ስምም ያጋልጣል። ፒትስበርግ ይህን ስም ያገኘችው እንግሊዞች የፈረንሳዮችን ምሽግ ፎርት ዱኬንን በያዙበት በ1758 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ነው። «1755» እና «ፒትስበርግ» አንድ ቀንድ ላይ ካዩ፣ በዚያ ዓመት አልተቀረጸም።

የጋለ መርፌ ሙከራስ? መርፌው ሲነካው እውነተኛ ቀንድ እንደተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፤ ሙከራው ቀንድን ከፕላስቲክ ይለያል፣ ዕድሜን ግን አይናገርም።