የሥዕሉ ገጽ ብዛት

ለማዕረግ ዕድገት ባመለከትሁበት ዓመት የተሰጠኝ ቅጽ በሰባተኛው ተራ ቁጥር ላይ «የሥራው ገጽ ብዛት» የሚል መጠይቅ ነበረው። ያቀረብሁት ሥራ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል የሆነ፣ አሥራ አራት ወር የፈጀብኝ አንድ ሥዕል ነው። ጥቂት ካሰብሁ በኋላ «1» ብዬ ሞላሁ። የሪከርድ ክፍሉ ሠራተኛ ቅጹን ተቀብሎ እንዳየ ከልቡ አዝኖልኝ «መምህር፣ በአንድ ገጽ ተባባሪ ፕሮፌሰር መሆን ይከብዳል» አለኝ። የሸራውን ጀርባ ብቆጥር ሁለት ይሞላልኝ እንደነበር የታወሰኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

ጣጣው የጀመረው ግን ከግዥ ነው። ዩኒቨርሲቲው የፈጠራ ሥራም ምርምር ነው ብሎ በጀት ሲፈቅድልኝ ሸራ፣ ብሩሽና የዘይት ቀለም እንዲገዛልኝ ጠየቅሁ፤ በደንቡ መሠረት ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው አሸነፈ፣ ከአምስት ወር በኋላም ስቱዲዮዬ ደጃፍ ላይ አራት ጋሎን የበርና የመስኮት ቀለም ተደርድሮ አገኘሁ። ግዥ ክፍል ሄጄ ብጮህ «ዘይት ቀለም አይደል ያሉት? ይኸው ዘይት ቀለም» ተባልሁ፤ በመርካቶ ቋንቋ ከሄድን እውነታቸውን ነው። ቀለሙ እንዳይባክን የክፍላችን በር ተቀባበት፤ እስከ ዛሬም በግቢው ውስጥ እንደ እርሱ የሚያብረቀርቅ በር የለም። የሥዕል ቀለሙን ከኪሴ ገዛሁ። አበልም አላገኘሁም፤ አብሮኝ በጀት የተፈቀደለት ባልደረባዬ መጠይቅ ሊበትን ሦስት ከተማ ዞሮ ሒሳቡን ሲያወራርድ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ሸራ ፊት ቆሜ ስለምውል «መስክ አልወጡም» ተባልሁ።

ግምገማው በምስጢር መካሄድ ስላለበት፣ የሠሪውን ማንነት ለመደበቅ በሥዕሉ ጥግ ያለው ፊርማዬ በፕላስተር ተሸፈነ። ከውጭ የተመረጡት ሁለት ገምጋሚዎች አስተያየታቸውን በጽሑፍ ላኩ። አንደኛው ሥራውን ካመሰገነ በኋላ «ይሁን እንጂ ቀደምት ጽሑፎችን አልዳሰሰም» ይላል። ሁለተኛው የናሙና አመራረጡ ግልጽ እንዲሆን ጠይቋል።

የኮሚቴው ሰብሳቢ የአፈር ሳይንስ ምሁር ነበሩ፤ ስለ እርሳቸው ክፉ መናገር አልችልም። ከሥዕሉ ፊት ረጅም ጊዜ ቆመው ሲያበቁ «ያምራል፤ ግኝቱ ግን ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ቀዩ ነው» አልሁ። የታረሰ የኮረብታ ማሳ ከዝናብ በኋላ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የሚለብሰውን ቀይ እስካገኝ ድረስ ዘጠኝ ጊዜ ፍቄ ዘጠኝ ጊዜ እንደቀባሁ አስረዳኋቸው። ጠጋ ብለው መነጽራቸውን አወለቁና «ይህ አፈር አሲዳማ ነው፤ ኖራ ይፈልጋል» አሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ግምገማ አግኝቼ አላውቅም፤ ሆኖም በቃለ ጉባኤው ውስጥ እንዲህ ያለውን የሚያስገቡበት ዐምድ ስላልነበረ ሳይመዘገብ ቀረ።

የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ምዘና ሥዕልም ሆነ ውዝዋዜ እንደ ምርምር ውጤት ሊቀርብ ይችል ነበር፤ ምርምርነቱን የሚያስረዳ እስከ 300 ቃላት የሚደርስ መግለጫም ይያያዝለታል። ሥራው በአዲስነቱ፣ በፋይዳውና በጥብቅነቱ ተመዝኖ እንደ ሆቴል ከአንድ እስከ አራት ኮከብ ይሰጠዋል። በ300 ቃል መገላገልን ግን ንቄ አይደለም፤ እኔ ምን እንደተጠየቅሁ እነግራችኋለሁ።

ከዚያ በፊት ስለ ቅኔ ቤት አንድ ነገር ልበል፤ የፈጠራ ሥራን መመዘን ለአገሩ እንግዳ እንደሆነ ሲወራ ይገርመኛልና። ስመ ጥር በሆኑት የጎጃም ቅኔ ቤቶች፣ ዋሸራም ሆነ ጎንጅ፣ ተማሪው ቀኑን ጥላ ስር ተቀምጦ ቅኔ «ይቆጥራል»፣ ማለትም በልቡ ያዘጋጃል፤ ከዚያ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰሙንና ወርቁን፣ አገባቡንና ዜማውን መርምሮ እዚያው ያርመዋል ወይም ይጥለዋል። ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ አይደገምምና የአዲስነት መስፈርቱ ከኮሚቴያችን የጠበቀ ነው፤ ገጽ ብዛት ቢጠየቅማ ጉባኤ ቃና የተባለው አጭሩ የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት ብቻ ስለሆነ ማንም ባልተመረቀ ነበር። በዚያ ላይ መምህሩ ሳይዘጋጅ ቅኔ ሲያፈስ «ዘረፈ» ይባልለታል፤ በእኛ ግቢ ዘረፋ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ያቆማል። ስለ ተጽዕኖም ካነሣን፣ ቅዱስ ያሬድ ሲዘምር ዐፄ ገብረ መስቀል በዜማው ተመስጠው ጦራቸውን እግሩ ላይ እንደተከሉትና ሁለቱም እንዳላወቁ ይተረካል። በዘመኑ የነበረው ምዘና ይኸው ነው።

የተጠየቅሁት እንዲህ ነው፦ ሥዕሉን ለምን እንደሣልሁ የሚያብራራ ጽሑፍ አዘጋጅቼ በታወቀ ጆርናል እንዳሳትም። በሁለት ሳምንት 18 ገጽ ጻፍሁ፣ 46 ማጣቀሻ ደረደርሁ፣ ከማጣቀሻዎቹም አብዛኞቹን በርዕሳቸው ብቻ አውቃቸዋለሁ። ጽሑፉ ታተመ፤ ሥዕሉ በገጽ 11 ላይ በጥቁርና ነጭ፣ የክብሪት ቀፎ አክሎ ወጣ። ዕድገቱም በሦስተኛው ወር ጸደቀ።

ሥዕሉ ዛሬ ዲኑ ቢሮ ተሰቅሏል። በዩኒቨርሲቲው በጀት ስለተሠራ በቋሚ ንብረት መዝገብ ከአንድ ባለ ሁለት በር ቁም ሳጥን ቀጥሎ ተመዝግቦ በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ይታሰብበታል። ሰኔ ሲደርስ እዚህም ቆጠራ አለ፤ ሁለት ሠራተኞች መዝገባቸውን ይዘው ይመጡና ሥዕሉን ከግድግዳው አውርደው ይገለብጡታል፣ ከጀርባው የተለጠፈውን ቁጥር ያነባሉ፣ ምልክት ያደርጋሉ፣ መልሰው ይሰቅሉታል። አምና ዘቅዝቀው ሰቅለውት እስከ መስከረም ድረስ ያወቀ አልነበረም።