ድመቷ ትቆይ፤ ስክራችን በባሕረ ሐሳብ እንጀምረው

በክረምት ለልጆች የሚሰጠው የኮዲንግ ሥልጠና ብዙውን ጊዜ በስክራች ይጀምራል። ምርጫው ትክክል ነው። የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የለቀቀው ይህ ፕሮግራም ነጻ ነው፤ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ገጹን ወደ አማርኛ መቀየር ይቻላል፤ ተማሪውም ኮድ በመጻፍ ፈንታ ባለቀለም ብሎኮችን እየጎተተ ይገጣጥማል። ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ በሚሆነው ላይ ነው። ፕሮግራሙ ሲከፈት የምትታየው ድመት ትራመዳለች፣ ትጨፍራለች፣ ኳስ ታሳድዳለች፣ ሥልጠናው ያልቃል። ድመቷ 10 እርምጃ መሄድ ሲገባት 12 ብትሄድ ልብ የሚል የለም። ስሕተቱ የማይታወቅበት ሥራ ደግሞ ጀማሪን ብዙም አያስተምረውም።

የመጀመሪያው ፕሮጀክት መልሱ በሌላ መንገድ የሚረጋገጥ ስሌት ቢሆን ይሻላል። ለዚህ እንደ ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በዓላትና አጽዋማት የሚውሉበትን ቀን እንደሚያወጣው የቤተ ክርስቲያን ስሌት፣ የሚመች የለም። መደመር፣ ማባዛት፣ ማካፈልና ቀሪ ማውጣት ይበቃዋል፤ መልሱም ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ካላንደር ላይ ታትሟል። ጉዳዩ የቤተ ክርስቲያን ነው የሚል ወላጅ ካለ ዘመን መለወጫ የሚውልበትን ቀን አስልቶ ማቆም ይችላል፤ ያ የሁላችንም ነው።

ፕሮግራሙ ዓመተ ምሕረቱን በጥያቄ ብሎክ ይቀበልና 5500 ይደምርበታል። 2018 ሲገባ ዓመተ ዓለሙ (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዓመት) 7518 ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 2 ስለሆነ ዘመኑ ማርቆስ ነው፤ 1 ማቴዎስ፣ 3 ሉቃስ፣ 0 ዮሐንስ ነው። በሉቃስ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ፦ ዓመቱን በግእዝ አኃዝ ፳፻፲፰ ብሎ የሚያስገባ ልጅ ሁልጊዜ ዘመነ ዮሐንስ ይወጣለታል። ስክራች ቁጥር አድርጎ ያላነበበውን ጽሑፍ በስሌት ውስጥ እንደ 0 ስለሚቆጥረው 5500 ብቻውን ይቀራል። «2,018» ብሎ ኮማ ያስገባም ዕጣው ያው ነው።

ቀጥሎ መስከረም 1 የሚውልበት ቀን ይፈለጋል። 7518 ለ4 ሲካፈል 1879.5 ነው፤ ክፍልፋዩ ተጥሎ 1879 ይያዛል፣ መጠነ ራብዒት የሚባለው ይህ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 9397፣ ለ7 ሲካፈል ቀሪው 3። ከሰኞ 0 ብለን ስንቆጥር 3 ሐሙስ ነው። ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ ክፍልፋዩን ወደ ታች በሚያወርደው ብሎክ ፈንታ ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር የሚያጠጋጋውን ያነሣል። ያኔ 1879.5 ወደ 1880 ይወጣና ቀኑ ዓርብ ይሆናል። ክፋቱ፣ ይኸው ስሕተት በማቴዎስና በዮሐንስ ዘመን አይታይም። በ2017 ብቻ የሞከረ ልጅ ፕሮግራሙ ልክ ነው ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ አሠልጣኙ ቢያንስ አራት ተከታታይ ዓመታት ያስሞክር።

ሌላው እንቅፋት የቀናቱ ስም ዝርዝር ነው። የስክራች ዝርዝር ከ1 ይቆጥራል፤ ቀሪው 0 ሲሆን ባዶ ይመልሳል። ሰኞን መጀመሪያ አድርጎ ቀሪው ላይ 1 መደመር ይበቃል።

ከዚህ በኋላ ፋሲካ ነው። ዓመተ ዓለሙ ለ19 ተካፍሎ የሚቀረው መደብ ነው፤ ለ7518 መደቡ 13 ነው። ከዚያ 1 ሲቀነስ ወንበር 12 ይሆናል (መደቡ 0 ሆኖ -1 ከወጣ ለ19 ተካፍሎ ቀሪው 18 ይያዛል)። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው አበቅቴ ነው፣ 12። በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው ደግሞ መጥቅዕ ነው፣ 18፤ ይህ ቁጥር በመስከረም ወይም በጥቅምት የሚውል ቀን ነው። ሁለቱ ተደምረው 30 ካልሞሉ አንድ ብሎክ የተሳሳተ ቦታ ገብቷል ማለት ነው፤ እንዲህ በራሱ ውስጥ መፈተሻ ያለው ስሌት ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው። ወንበሩ 0 ሲሆን ግን ሁለቱም 0 ይወጣሉ፤ «መጥቅዕ 0 ከሆነ 30 አድርገው» የሚል ሁኔታ ይጨመር። 2025ን አስገብቶ መሞከር ነው። ይህን የረሳ ተማሪ መጥቅዑ ጥቅምት 0 ይውላል ይለዋል፤ ፋሲካው ግን ልክ ይወጣለታል፣ ለምን እንደሆነ መፈለግ ጥሩ የቤት ሥራ ነው።

መጥቅዕ ከ14 በላይ ከሆነ በመስከረም፣ በታች ከሆነ በጥቅምት ይውላል። የዋለበት ዕለት ተውሳክ (የሚደመር ቁጥር) አለው፤ ከሰኞ ጀምሮ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2፣ 8፣ 7። ይህም እንደ ቀናቱ ሁሉ በዝርዝር ይቀመጣል። በእጅ ሲሰላ የወር መሻገሪያ ሁኔታዎች ይበዛሉ፤ በብሎክ ግን ቀኑን ከመስከረም 1 ጀምሮ መቁጠር ይቀላል። መስከረም 18 ቀን 2018 18ኛው ቀን ነው፣ ዕለቱ እሑድ፣ ተውሳኩ 7። 18፣ 7 እና 120 ሲደመሩ 145፤ ይህ ጾመ ነነዌ ነው፣ ጥር 25። 69 ሲጨመር 214፤ ፋሲካ ነው። ወሩንና ቀኑን ለማግኘት መጀመሪያ 1 ይቀነሳል፦ 213 ለ30 ሲካፈል ድርሻው 7፣ ቀሪው 3። በሁለቱም ላይ 1 ሲመለስ 8ኛው ወር፣ ቀን 4፤ ሚያዝያ 4። መጀመሪያ 1 ያልቀነሰ ልጅ 30ኛው ቀን ሲመጣ 0 ያገኛል። የፈረንጆቹ ወራት 28፣ 30፣ 31 እያሉ ስለሚዘበራረቁ ይህ አቋራጭ ለእነሱ አይሠራም።

ሲያልቅ ሁሉንም ተማሪው ራሱ በሚፈጥረው አንድ ብሎክ (ራስ-ሠራሽ ብሎክ) ጠቅልሎ ከ2001 እስከ 2100 ማስኬድና ውጤቱን በዝርዝር መሰብሰብ ነው። ከመጋቢት 26 በፊት ወይም ከሚያዝያ 30 በኋላ የዋለ፣ ወይም እሑድ ያልሆነ ፋሲካ ከተገኘ ስሕተት አለ።

ስሌቱን የለመደ ተማሪ ወደ ሞዴል ይሻገር። ሞዴል ካላንደር የለውም፤ መልሱ የሚቆመው በግምቱ ላይ ነው። 10,000 ብር በዓመት 7 በመቶ ወለድ ለ10 ዓመት ይቀመጥ፦ በመደጋገሚያው ውስጥ ገንዘቡ በ1.07 እየተባዛ 19,671.51 ብር ይደርሳል። መነሻውን 10000 የሚሰጠው ብሎክ በስሕተት መደጋገሚያው ውስጥ ከገባ መልሱ 10,700 ላይ ይቆማል፤ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። ከዚያ ዋጋ በዓመት 15 በመቶ ይጨምራል ብለን እንገምትና ከ1 የሚነሣ ሁለተኛ ተለዋዋጭ (ፕሮግራሙ ቁጥር የሚይዝበት ቦታ) በየዓመቱ በ1.15 እናባዛ። ገንዘቡ ለዚያ ሲካፈል የመግዛት አቅሙ በዛሬ ብር 4,860 ገደማ ነው። ልጁ 15ን ወደ 5 ቀይሮ እንደገና ሲያስኬደው ግምት መልስን ምን ያህል እንደሚያንቀሳቅስ ራሱ ያየዋል።

የስክራች ገደቡም ይታወቅ። ማንኛውንም ቁጥር ወደፈለግነው ኃይል የሚያነሣ ብሎክ የለውም፤ ራስ-ሠራሽ ብሎክም ዋጋ አይመልስም፣ ውጤቱን በተለዋዋጭ ማስቀመጥ ግድ ነው። ተለዋዋጮቹ በዝተው ልጁን ማደናገር ሲጀምሩ ኮዱ በጽሑፍ ወደሚጻፍበት ቋንቋ፣ ወደ ፓይተን፣ ማለፍ ነው። ያንኑ ባሕረ ሐሳብ ይዞ ይለፍ፤ መደቡ 0 በሚሆንበት በ2024 ወንበሩ -1 ሲወጣ ስክራችም ፓይተንም ለ19 አካፍለው ቀሪውን 18 ይሉታል፣ ልክ ነው። «ሲ» እና «ጃቫ» የተባሉት የኮድ ቋንቋዎች ግን -1 ብለው ይመልሳሉ፤ እዚያ ቀድሞ 19 መደመር ያስፈልጋል።