አዳራሹ ይመስገን

ባለፈው ሐሙስ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የሕዝብ ውይይት ላይ ተገኝቼ ነበር። ምን ዓይነት እንደነበረ ላስረዳችሁ አልደክምም፤ ታውቁታላችሁ። የፕላስቲክ አበባ ያለበት ጠረጴዛ፣ የሚያፏጭ ማይክ፣ በየወንበሩ አንድ አንድ የታሸገ ውሃ። በር ላይ ደግሞ አቴንዳንስ። ስም፣ ስልክ፣ ፊርማ። ስለ ምን እንደምንወያይ ገና ሳንሰማ ፈርመን ገባን።

ጉዳዩ የጭነት መኪና ማቆሚያ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ከብት የሚግጥበት ሰፊ ጨፌ አለ። እሱ ከዳር እስከ ዳር አስፋልት ሊነጠፍ ነው። ማቆሚያው ያስፈልጋል፤ በየመንገዱ ዳር የሚደረደረው ከባድ መኪና አላስወጣ አላስገባ ብሎናል። በዚህ ማንም አልተጣላም።

ከኋላ ወንበር ግን አንድ አዛውንት ተነሱ። ጋቢያቸውን አስተካከሉና «የክረምቱን ውሃ የሚውጠው ጨፌው ነው። እሱ ሲነጠፍ ውሃው ወዴት ይሄዳል? ከታች ያለችው ምንጭስ ምን ልትሆን ነው?» አሉ።

መድረክ መሪያችን ጥያቄ በነጠላ አይቀበልም። «ሦስት ሦስት እንውሰድ» አለ። ሁለተኛው ተናጋሪ ጥያቄ አልነበረውም፤ ምስጋና ነበረው። ሦስተኛውም ምስጋና ነበረው፤ የእሱ ትንሽ ረዘም ይላል። አንድ ጥያቄና ሁለት ምስጋና ተደምሮ ለሦስቱም በአንድ ላይ መልስ ተሰጠ። «ገንቢ አስተያየት ነው፣ አባታችን። እንደ ግብዓት እንወስደዋለን።» ቤቱ አጨበጨበ። አዛውንቱ «ኧረ እኔ ጠየቅሁ እንጂ አስተያየት አልሰጠሁም!» ሲሉ ማይኩ ሌላ ረድፍ ደርሷል።

ማሳረጊያው ላይ አንዱ ብድግ ብሎ «ለዚህች ከተማ የሚመጥናት አውሮፕላን ማረፊያ ነው። እሱንም እንዲሁ ተባብረን በአጭር ጊዜ እንጨርሰዋለን!» አለ። ጣሪያው ሊነሳ ምንም አልቀረውም።

እውነቱን ነው። እኛ ከምሳ በፊት እንጨርሰዋለን። ያልታደሉትን ተመልከቱ።

አሜሪካ ውስጥ፣ በሲያትልና በታኮማ መካከል፣ ሲታክ የሚሉት አውሮፕላን ማረፊያ አለ። ሦስተኛ መንደርደሪያ ልሥራ አለ። ርዝመቱ 2,600 ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ተወሰነ። የመጀመሪያው አውሮፕላን ያረፈበት በኅዳር 2008 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት! ግንባታው ራሱ ጊዜ ወስዷል፤ ግን መሐል ላይ ምን ሲያደርጉ እንደነበር ታውቃላችሁ? ስለ ጅረት ይከራከሩ ነበር። ሚለር፣ ዎከርና ዴሞይን ስለሚባሉ ሦስት ትንንሽ ጅረቶች። የእኛ የበሬሳ ወንዝ አጠገባቸው ቢቆም አባይ ይመስላል።

በዙሪያው ያሉ ትንንሽ ከተሞች ተሰባስበው ጠበቃ ገዙ። መንደርደሪያውን ከፍ ለማድረግ የሚደለደለው አፈር ንጹሕ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። የሚደፈነው ረግረግስ በምን ይተካል አሉ። ደግሞ ይህን ሁሉ መሬት ስትደፍኑት፣ ዝናብ በሌለበት ወራት ጅረቱ ውሃ ከየት ያገኛል አሉ። የግዛቱ የአካባቢ መሥሪያ ቤት በ2001 ይለፍ ብሎ ነበር። እነሱ ይግባኝ አሉ። ይግባኙን የሰማው ቦርድ በ2002 ይለፉን አጸናው፤ ግን 16 ተጨማሪ ግዴታ ጫነበት። በ2004 ጉዳዩ እስከ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም ግዴታዎቹን አንድ በአንድ አየና ገሚሱን አጽንቶ ገሚሱን ሻረ። ዝናቡን በገንዳ አጠራቅሞ በደረቁ ወራት ለጅረቱ መልቀቅ የሚባል ነገርም የዚሁ ክርክር አካል ነበር። ለጅረት ውሃ ማቆር! ሥራ ፈቶች።

እዚያ የእኛ አንድ መድረክ መሪ ቢኖር እላለሁ። አንድ ብቻ ይበቃል።

ሰውዬው ጠዋት ይገባል። መጀመሪያ ለጠበቆቹ የታሸገ ውሃ ያድላል፤ ውሃ በእጁ የያዘ ሰው ስለ ውሃ መጨቃጨቅ ያሳፍረዋል። ከዚያ የክብር እንግዳውን ይጋብዛል። የክብር እንግዳው አርባ ደቂቃ ይናገርና ሌላ አስቸኳይ ስብሰባ ስላለበት ይቅርታ ጠይቆ ይወጣል። ቀጥሎ ስለ ዓሣው የሚከራከረው ጠበቃ ይነሳል። በእነዚያ ጅረቶች ሳልመን የሚባል ዓሣ አለ። እዚያ ይፈለፈላል፣ ወደ ባሕር ይሄዳል፣ ሲያድግ ሽቅብ እየዋኘ ለመራባት ይመለሳል። የእኛ ሰው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «ዓሣው አቴንዳንስ ላይ ፈርሟል?» ይላል። አልፈረመም። «የነዋሪነት መታወቂያስ አለው?» የለውም። «ብዙ ጊዜውን የት ነው የሚያሳልፈው?» ባሕር። «ስለዚህ ዲያስፖራ ነው» ይላል መሪያችን፣ ፊቱ እየበራ። «ዲያስፖራ ወገኖቻችን በልማቱ የድርሻቸውን እንዲወጡ ጥሪ እናቀርባለን!» ይጨበጨባል። ዓሣው ቦንድ እንዲገዛ ኮሚቴ ይዋቀራል። ኮሚቴው ውስጥ አንድ ሴት ዓሣና አንድ ወጣት ዓሣ ይካተታሉ።

ጠበቃው ገና አልተቀመጠም። «ጅረቱ በበጋ ሊደርቅ ይችላል» ይላል። «እንዲህ ያለውን አሉባልታ ከየት ሰማኸው?» ይባላል። «ከጥናቱ።» «ጥናቱን ማን ሰጠህ?» እዚህ ላይ አዳራሹ ጸጥ ይላል። ጥናት ያነበበ ሰው አይታመንም። ወዲያው ሻይ ቡና ይታወጃል። ከሻይ ሲመለሱ የአቋም መግለጫ ይነበባል። መግለጫው የተጻፈው ማታ ነው። «እኛ የሚለር፣ የዎከርና የዴሞይን ጅረቶች ዓሦች፣ መንደርደሪያው የዘመናት ጥያቄያችን ምላሽ መሆኑን በመገንዘብ፣ በመካከላችን ሆነው ልማቱን የሚያደናቅፉ ጥቂት ዓሦችን አጥብቀን እንታገላለን!» ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ። ማታ አውሮፕላኑ ያርፋል።

በዚህ ሥልጣኔ ውስጥ ድርሻ ያለው መሪው ብቻ አይደለም። አጨብጫቢው አለ፤ ከንግግሩ አንድ ቃል ሳይሰማ የት ጋ እንደሚጨበጨብ የሚያውቅ፤ እጁ ከጆሮው ይፈጥናል። ጥናቱን የሚሠራው አለ። ይህ ሰው ለሌላ ከተማ የሠራውን ሪፖርት የከተማውን ስም ቀይሮ ያቀርባል። ሐይቅ በሌለበት አገር «የሐይቁ ዓሣ አስጋሪዎች ካሳ» የሚል ገጽ ብታገኙ አትደንግጡ፤ እሱ ነው። ካፌ ቁጭ ብሎ ስለ ውሃ የጠየቀን ሁሉ «ፀረ ልማት» የሚለውም አለ። የእሱ ቤት ገንዳ አለው።

ያን ዕለት ስብሰባው የተጠራው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያች ምንጭ የሚቀዱት ሴቶች በዚያ ሰዓት የት ነበሩ? ወረፋ ላይ ነበሩ፣ ጀሪካን ደርድረው። ውሃቸው ሊወሰን የነሱ ስም አቴንዳንሱ ላይ የለም። የጠራቸውም የለም። አስፋልት ውሃ አይጠጣም፤ ይህን ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። ጨፌ ላይ የዘነበ ዝናብ ሰርጎ፣ ወራት ቆይቶ፣ በበጋ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። አስፋልት ላይ የዘነበው ናፍጣና ዘይት አጥቦ በአንድ ሰዓት ግር ብሎ ይወርዳል። ማሳ ሸርሽሮ በሬሳ ይገባል፣ ከዚያ ጀማ፣ ከዚያ አባይ። ሐምሌ ላይ ደለል ይተርፈናል፣ የካቲት ላይ ባዶ ጀሪካን። ሽማግሌው የጠየቁት ይህንን ነው። መልስ የነሷቸው ሰዎች ደግሞ ሕግ አጥተው አይደለም።

ሕጉማ አለ። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ይሁን፣ በተለይ ጉዳዩ የሚነካው ማኅበረሰብ አስተያየት በሪፖርቱ ውስጥ ይግባ ይላል። ይግባ ነው የሚለው፤ ይጨብጨብለት አይልም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ደግሞ ከዚህም ያልፋል። አካባቢን የሚጎዳ ወይም ሊጎዳ የሚችል ነገር ያየ ማንም ሰው፣ እኔን ምን ነካኝ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ ለአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ መልስ ካጣ ወይም መልሱ ካልጣመው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። እኚያ አዛውንት ያለ ጠበቃ፣ ያለ ማይክ፣ በአንድ ገጽ ማመልከቻ የሚጀምሩት ነገር ነው። ይህን ከመድረኩ የነገራቸው ሰው አልነበረም። አጠገባቸው ከተቀመጥነው መሐልም የነገራቸው የለም። አጨብጭበናል።

ለማንኛውም የስብሰባው ፎቶ በዚያው ዕለት ተለጥፏል። «ነዋሪዎች በፕሮጀክቱ ላይ የተሰማቸውን ደስታ ገለጹ» ይላል። አዛውንቱም በፎቶው አሉ፤ ቆመው እጃቸውን ዘርግተዋል። የሚከራከሩ ሳይሆን የሚመርቁ ይመስላሉ። ፎቶ አንሺው ጎበዝ ነው።

ስልክ ማስመዝገባችን ከንቱ አልቀረም። ትናንት አዲስ የስብሰባ ጥሪ ደርሶናል። አጀንዳው የክረምት ጎርፍ መከላከያ ግብረ ኃይል ማቋቋም ነው። ሰብሳቢው ያው መድረክ መሪያችን ናቸው። ዘንድሮ ጎርፉ በየት በኩል ሊመጣ እንደሚችል የሚያውቅ ነዋሪ ካለ፣ ቀድሞ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ተጠይቋል።