ስልኩ «ውጣ» ይበል እንጂ «ግባ» አይበል

እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ጀርመናዊው ክሪስቶፍ ክራመር በ17ኛው ደቂቃ ከአርጀንቲናው ተከላካይ ትከሻ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። ታከመ፣ ተነሳ፣ መሮጡን ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ ወደ ዳኛው ኒኮላ ሪዞሊ ተጠግቶ ይህ የፍጻሜው ጨዋታ መሆን አለመሆኑን ጠየቀው። ዳኛው ደንግጦ ለክራመር የቡድን ጓደኛ ለሽቫይንሽታይገር ነገረው፤ ክራመርም በ31ኛው ደቂቃ ተቀይሮ ወጣ። እግሩ ለ14 ደቂቃ ሸሽጎት የነበረውን ያጋለጠው አንደበቱ ነው።

እንዲህ ጭንቅላት ሲመታ የሚደርሰውን የአንጎል መናወጥ በንግግር አማካይነት እንለይ የሚሉት ተመራማሪዎች ከዚህም በታች ወርደው ነው የሚያዳምጡት፤ የቃሉን ትርጉም ሳይሆን ድምፁን። ለመናገር አንጎል ትንፋሽን፣ ጉሮሮን፣ ምላስንና ከንፈርን በቅጽበት ማቀናጀት አለበት። ሲናወጥ ቅንብሩ ሊዛነፍ ይችላል፦ አናባቢው ይዛባል፣ ድምፁ በአፍንጫ ይወጣል፣ በቃላት መካከል ያለው ዝምታ ይረዝማል። የአሜሪካው ኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቦክሰኞችን ድምፅ ከግጥሚያ በፊትና በኋላ ቀድተው አናባቢዎቹን በማነጻጸር፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤታቸውን አሳትመዋል። ድምፁን ለመቅዳት ስልክ ይበቃል፤ የማነጻጸሩን ሥራ በስልኩ ላይ የሚጫን መተግበሪያ ሊሠራው ይችላል።

እኔን የሚማርከኝ ዘዴው ውሸትን ማስቸገሩ ነው። ተጫዋች «ደህና ነኝ» ይላል፤ ሁልጊዜ ይላል። አንዳንዱማ የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር የሚሰጠውን የማስታወስ ፈተና ሆን ብሎ ያበላሻል፣ በኋላ ቢመታ ልዩነቱ እንዳይታወቅበት። የአናባቢን ቃና አስመስሎ ማበላሸት ግን የዚያን ያህል ቀላል አይደለም።

ችግሩ መነሻ ቅጂው ላይ፣ ማለትም ለማነጻጸሪያ አስቀድሞ በሚቀዳው ጤነኛ ድምፅ ላይ ነው። ተጫዋቹ አርፎ፣ ጸጥ ባለ ክፍል ተቀምጦ የቀዳውን ድምፅ፣ 70 ደቂቃ ሮጦ እያለከለከ፣ ከንፈሩ አብጦ፣ ደጋፊው እየጮኸ ከሚናገረው ጋር ማወዳደር ምን ይነግረናል? ድካምም ንግግርን ይለውጣል። ስለዚህ ከከባድ ልምምድ በኋላ ትንፋሹ ሳይመለስ የተቀዳ ሁለተኛ መነሻ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ስልኩ የሚለካው ድካምን ይሁን ጉዳትን መለየት ያዳግታል። በአንድ ቋንቋ ድምፆች የሠለጠነ ሥርዓት በሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ላይ እንደሚሳሳትም መጠበቅ አለበት።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ አረንጓዴው መብራት፣ ማለትም ስልኩ «ደህና ነው፣ ግባ» የሚልበት መልስ ነው። የመናወጥ ምልክት ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ በሲቲ ስካንም ብዙውን ጊዜ ምንም አይታይም። በስፖርት ሐኪሞች ዘንድ የሚሠራበት ስካት 6 የተባለው መመዘኛ እንኳ ውጤቱ ደህና ቢሆንም መናወጥ የለም ማለት እንዳልሆነ ያስጠነቅቃል። አሁን 1 ለ 0 እየተመራ ያለ አሰልጣኝ ስልኩን ይዞ «ይኸው፣ ደህና ነው ብሏል» ሲል አስቡት። ሐኪም ባለበት ሜዳ የሚከራከረው ይኖራል። መሣሪያው ይበልጥ የሚፈለገው ግን ሐኪም በሌለበት የታዳጊዎች ውድድር ነው፤ እዚያ ደግሞ ስልኩን የሚቃወም የለም። አንጎሉ ሳያገግም ሁለተኛ የተመታ ታዳጊ፣ አልፎ አልፎም ቢሆን፣ በአንጎል እብጠት ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ይህን መተግበሪያ የሚሠሩ ሰዎች ቢሰሙኝ አረንጓዴውን ቀለም ጭራሽ ያውጡት። ሁለት መልስ ይበቃዋል፦ «ውጣ» እና «ሐኪም እስኪያይህ ውጣ»።