አሮጌው የቱ ነው?

ሁለት የማውቃቸው ሰዎች በአንድ የቺካጎ መሀል ከተማ የድሮ ፎቶ ተከራከሩ። አንደኛው ዕድሜያቸውን በግንበኝነት የጨረሱ አዛውንት ናቸው፤ ሌላው የሕንፃ ፎቶ በስልኩ የሚያጠራቅም ወጣት። ፎቶው ላይ ያለው በሁለት ዙር የተሠራው የሞናድኖክ ሕንፃ ነው፤ አንዱ ግማሹ ልሙጥ፣ ሌላው ጌጠኛ ነው። ክርክሩም የትኛው ቀድሞ ተሠራ የሚል ነው።

«ጋሼ፣ ይሄማ ምን ያከራክራል? ልሙጡ አዲሱ፣ ጌጠኛው አሮጌው ነው» አለ ወጣቱ። ከዚህ ሌላ ማስረጃ አላቀረበም፤ ድምፁን ግን ከፍ አደረገ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉ አዛውንቱ፣ ጣታቸውን ከምድር ቤቱ መስኮት ላይ አሳርፈው። መስኮቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሏል። ያ ጥልቀት የግድግዳው ውፍረት ነው፤ ከሥሩ 1.8 ሜትር ገደማ። ልሙጡ የሰሜን ግማሽ እ.ኤ.አ. በ1891 ሲሠራ ባለ 16 ፎቁን የውጭ ግድግዳ ያቆመው ጡቡ ራሱ ነበር። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ጭነቱ ስለሚቀል ግድግዳውም እየሳሳ ይሄዳል። ጌጠኛው የደቡብ ግማሽ በ1893 የተጨመረ ነው፤ ጭነቱን የብረት አጽም ስለያዘለት ግድግዳው ልባስ ሆኖ ቀረ። እንግዲህ ልጁ የገመተው የተገላቢጦሽ ነው።

«ታዲያ አሮጌው እንደ እስር ቤት የጠቆረው ለምንድን ነው?» አለ፣ መሸነፉን ላለማመን።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!» የዚያን ጊዜ ፎቶ ምስሉ የሚቀረጽበት የመስታወት ሰሌዳ ቀይ ብርሃን አይዝም ነበር፤ ስለዚህ ቀላ ያለ ቡናማ ጡብ ጥቁር፣ ሰማያዊ ሰማይ ደግሞ ነጭ ሆኖ ይወጣል። በዚህ ግንበኛው አይወቀስም።

ወጣቱ የቀረችውን አንድ ነገር ወረወረ፤ «ከባዱ ግድግዳ ሰምጧል።» ይሄስ እውነት ነው። በቺካጎ ለስላሳ የሸክላ አፈር ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል እንደሚወርድ ታስቦ ነበር፤ ከዚያም አልፎ ወረደ። ግን ዛሬም ቆሟል፤ ሰውም ይሠራበታል።

እኔ ከአዛውንቱ ጋር ነኝ። የሚያንገበግበኝ ግን የልጁ ስህተት አይደለም፤ ዘመኑ ራሱ እንዲህ መሆኑ ነው። በ1885 የተሠራው፣ የብረት አጽምን በማስለመድ ስሙ የሚነሳው የዚያው የቺካጎ የሆም ኢንሹራንስ ሕንፃ በ1931 ፈረሰ። አጽሙን የሚመረምር ኮሚቴ የተሰየመው ማፍረሱ ከተጀመረ በኋላ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ! አሁንም ያው ነው። ግንብ ሲናድ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ለማንሳት ይሽቀዳደማል፤ ቆሞ ሳለ ሜትር ይዞ ግድግዳውን የለካ፣ ፕላኑን ፈልጎ ያስቀመጠ ግን የለም።