ሰው መንገድ ላይ አውርዶ መሄድ ከማን ተማርን?

ወገኖቼ፣ የጎንደር ልጆች፣ የምናገረው ደስ አይላችሁም፤ ግን ስሙኝ።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት አዲስ አበባ ዓይናቸውን ታክመው በአውሮፕላን ወደ ጎንደር ተመለሱ። ያየሁትን በዓይኔ፣ የቀረውን ከራሳቸው አፍ ነው የምነግራችሁ። አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ አንድ ባለታክሲ «እናቴ፣ ፒያሳ አደርስዎታለሁ» ብሎ በኮንትራት አሳፈራቸው። ዋጋም ተስማሙ። ገና መንገድ ላይ፣ አዘዞ ሲደርሱ መኪናውን ጥግ አስይዞ «በዚህ ዋጋ አያዋጣኝም፣ እጥፉን ይክፈሉ» አላቸው። ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው አሳዩት፤ ከተስማሙበት በላይ አልነበራቸውም። ሻንጣቸውን ጭቃ ላይ አስቀምጦ ሄደ። የመድኃኒት ፌስታላቸው ተቀዶ የዓይን ጠብታው ወደ ቦዩ ተንከባለለ። አንድ ዓይናቸው በፋሻ እንደተሸፈነ፣ ጎንበስ ብለው በእጃቸው መሬቱን ሲዳብሱ አየሁ።

ባጃጅ ደርድረው የቆሙ ነበሩ። ሻይ ቤት በረንዳ ላይ የተቀመጥንም ነበርን። አንዱ «ከኤርፖርት ነው የመጣችው፣ ገንዘብ አታጣም» አለ። እኚያን እናት አንቺ አላቸው! ማንም አልገሠጸውም። ያነሳቻቸው በቆሎ የምትጠብስ ልጅ ናት፤ ጠብታውን በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠቻቸው፣ ሚኒባስ አስቁማም አሳፈረቻቸው።

ከአውሮፕላን የሚወርድ ሁሉ ባለጸጋ ይመስላችኋል? መንገዱ አላስተማምን ካለ ወዲህ በሽተኛውም፣ ለቅሶ የሚደርሰውም፣ ተበድሮ፣ በግ ሸጦ ነው ትኬት የሚቆርጠው። እሳቸውም እንዲሁ ነበሩ።

ከማረፊያው እስከ መሀል ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ ብለን እንኮራለን፤ በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ሲመዘገብም እልል ብለናል። ዓለምን ኑ እያልን ጠርተን፣ የገዛ እናታችንን ከአዘዞ ማሳለፍ አቃተን። ያሳፍራል። ያሳዝናልም።

ባለታክሲዎች፣ ነዳጅ ፍለጋ ተሰልፋችሁ እንደምታድሩ፣ የመለዋወጫ ዋጋም እንደማይቀመስ አውቃለሁ። ዋጋው ካላዋጣችሁ መኪናው ሳይነሳ ተናገሩ። ሰውየው ካልተስማማ ሌላ ይፈልጋል። አዘዞ ላይ፣ ሻንጣው እናንተ ዘንድ ሳለ፣ ምን ምርጫ አለው?

የሚመለከታቸው አካላትን «ታሪፉን በሩ ላይ ለጥፉ፣ የሚጭነውን መኪና ታርጋ መዝግቡ» ብንላቸው «እናያለን» ይሉናል። እስካሁን አላዩም፤ መናገሩም አድክሞኛል። ቢሆንም ለጥምቀት የሚመጣው እንግዳ ብዙ ነውና ከዚያ በፊት ይለጠፍ። እናንተም እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩ፤ ሰው አውርዶ የሄደውን ዳግመኛ ተራ አታስይዙት። ታማኝና ታታሪ ልጆች በመካከላችሁ አሉ፤ የምለምነውም እነሱን ነው።